አጥንትዎ ሳስቷል ከተባሉ ምን ያደርጋሉ? ከምርመራው እስከ ቤት ውስጥ ጥንቃቄው

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ከባንኮኒው ማዶ ሁሌ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እናቴ አጥንቷ ሳስቷል ተባለች። ጥሩው ካልሲየም የቱ ነው?» ከሜሪላንድ ወይም ከዱባይ ደውለው «የቱን ልላክላት?» የሚሉም አሉ። ካልሲየሙን መግዛቱ ችግር የለውም። ግን የሳሳ አጥንት የሚሰበረው በአብዛኛው ሰው ሲወድቅ፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ሲያነሳ ነው። ክኒን ብቻውን ይህን አያስቆምም። ስለዚህ በቃል ስመልሰው የቆየሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

መመሪያው ኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት)፣ ወይም ቀለል ያለው ደረጃ ኦስቲዮፔኒያ አለብዎ ለተባሉ አዋቂዎች ነው። ለጉልበት ሕመም፣ ለቁርጥማት ወይም ለሪህ አይደለም። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያምም። «አያመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ እርሳስና አንድ ወፍራም መጽሐፍ
- የማይነቃነቅ፣ ጎማ የሌለው ወንበር
- ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ውሃ የተሞላ
- ከኋላ የተዘጋ፣ ሶሉ የማይንሸራተት ጫማ
- ከራስጌ የሚቀመጥ ባትሪ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ከነመጠናቸው
- የምርመራ ውጤትና ቀጠሮ የሚጻፍበት ደብተር

1. ቁመትዎን ይለኩ

ጫማ ያውልቁ። ተረከዝዎንና ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስጠግተው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ሌላ ሰው መጽሐፉን ጭንቅላትዎ ላይ በአግድም አድርጎ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርግ። ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉ። በየ6 ወሩ ይድገሙት።

ለምን ይጠቅማል? ብዙ የአከርካሪ ስብራት ባለቤቱ ሳያውቀው ያልፋል። «ወገቤን ትንሽ ያዘኝ» ተብሎ ይረሳል። አከርካሪው ሲደፈጠጥ ግን ቁመት ይቀንሳል፣ ጀርባም ይጎብጣል። ከወጣትነት ቁመትዎ 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሱ ለሐኪም ይንገሩ፤ የአከርካሪ ራጅ ሊያስፈልግዎ ይችላል።

2. የአጥንት ጥግግት ምርመራውን ይረዱት

ምርመራው ዴክሳ ይባላል። ልብስዎን እንደለበሱ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ብዙም አይቆይም። የሚጠቀመው ጨረር በጣም ትንሽ ነው። ውጤቱ ቲ-ስኮር በሚባል ቁጥር ይጻፋል፦

- ከ−1 በላይ፦ ደህና
- ከ−1 እስከ −2.5፦ መሳሳት ጀምሯል (ኦስቲዮፔኒያ)
- −2.5 እና ከዚያ በታች፦ ኦስቲዮፖሮሲስ

ቁጥሩ ከዜሮ ወደ ታች በራቀ መጠን አጥንቱ የሳሳ ነው። ብዙ ሰው −3ን አይቶ «ከ−2 ይሻላል» ይላል፤ ተቃራኒው ነው።

ማሽኑ በየከተማው አይገኝም። ካላገኙ ግን ተስፋ አይቁረጡ። ከ50 ዓመት በኋላ ከቆሙበት ወድቀው ብቻ ዳሌዎ ወይም አከርካሪዎ ከተሰበረ፣ ሐኪሙ ያለ ዴክሳም ኦስቲዮፖሮሲስ ብሎ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ተራ ራጅ ግን መሳሳቱን የሚያሳየው አጥንቱ ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው። «ራጁ ደህና ነው» መባል አጥንቱ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም።

ሲደግሙት፣ ከተቻለ እዚያው ማሽን ላይ ይሁን። ሁለት ማሽኖች የሚሰጡት ቁጥር እኩል ስለማይሆን የተሻለዎት መስሎ ሊያታልልዎ፣ ወይም በከንቱ ሊያስደነግጥዎ ይችላል።

3. መድኃኒቶችዎን ይዘው ይሂዱ

አጥንት የሚያሳሳ መድኃኒት እየወሰዱ ካልሲየም መጨመር ብቻ ትንሽ ነው የሚረዳው። ለሐኪምዎ በተለይ እነዚህን ይንገሩ፦

- ፕሬድኒሶሎን፣ በተለይ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከወሰዱ
- የ3 ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ለዓመታት ከወሰዱ
- ቴኖፎቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት
- ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታልና ፌኒቶይን
- ለጨጓራ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ኦሜፕራዞል
- የታይሮይድ ክኒን፣ መጠኑ ከበዛ

ሴት ከሆኑ የወር አበባዎ ከ45 ዓመት በፊት ከተቋረጠ ይህንንም ይንገሩ። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከእነዚህ አንዱንም በራስዎ አያቁሙ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። የኤችአይቪ መድኃኒት ማቋረጥ ጉዳቱ ከአጥንቱ ይብሳል። ሐኪሙ መጠን ሊቀንስ ወይም ሊቀይር ይችላል፤ ዝርዝሩን ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

4. ካልሲየሙን መጀመሪያ ከገበታ ያግኙ

አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችና ከ70 በላይ የሆኑ ወንዶች ደግሞ 1,200 ሚሊግራም። ከምግብ ምን ያህል እንደሚያገኙ ሳያውቁ ክኒን አይጀምሩ። ግምቱ ይህን ይመስላል፦

- አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ (250 ሚሊ ሊትር)፦ 300 ሚሊግራም ገደማ
- 100 ግራም የጤፍ ዱቄት፦ ከ150 እስከ 180 ሚሊግራም
- ግማሽ ኩባያ የበሰለ ጎመን፦ ከ100 ሚሊግራም በላይ
- አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅርፊቱ ያልተነሳ ሰሊጥ፦ ከ80 ሚሊግራም በላይ፤ ሰውነት የሚጠቀመው ግን ከፊሉን ብቻ ነው

ጤፍ እዚህ ላይ ትልቅ ባለውለታ ነው። ሊጡ ሲቦካ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልተቦካ ቂጣ ይሻላል። ውጭ አገር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ብዙ እንጀራ በስንዴ ወይም በሩዝ ይቀላቀላል፤ በተቀላቀለ መጠን የጤፉ ካልሲየም ይቀንሳል።

ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ብዙው ሳይወሰድ ይወጣል። ቆስጣ ይብሉ፣ ለካልሲየም ግን ጎመኑ ላይ ይተማመኑ።

አይብም እንደሚታሰበው አይደለም። ወተቱ ጎምዝዞ ስለሚሠራ ከካልሲየሙ ጥሩ ድርሻ ከአጓቱ ጋር ይወጣል። አጓቱን የሚጠጡ ሰዎች ስለዚህ አልተሳሳቱም። ቅቤ ከካልሲየም አንጻር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የአጥንት መረቅና ቅልጥምም እንዲሁ። አጥንት ስለተቀቀለ ካልሲየሙ ሾርባው ውስጥ ይገባል የሚል እምነት አለ፤ የሚገባው ግን በጣም ጥቂት ነው።

በጾም ወራት ወተቱ ሲወጣ ትልቁ ምንጭ ይወጣል። በዐቢይ ጾም ይህ ለ55 ቀን ይቀጥላል። እንጀራ፣ ጎመንና ሰሊጥ በየቀኑ ይግቡ። የሰሊጥ ወተት ለመሥራት ሰሊጡን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በስሱ ቆልቶ፣ ፈጭቶ በውሃ መበጥበጥ ነው። አብዛኛው ካልሲየም ያለው ቅርፊቱና አሰሩ ውስጥ ስለሆነ በጣም አያጥሩት። ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ካገኙ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ከመቅዳትዎ በፊት ይወዝውዙት፣ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣል።

ፕሮቲን አይርሱ። ከአጥንት ይዘት ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻ ከሌለ ደግሞ መውደቅ ይበዛል። ብዙ አረጋውያን እራታቸው ሻይ በዳቦ ነው፤ ይህ አይበቃም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፤ ከእነዚህ አንዱ በየማዕዱ ይኑር። ጨው ይቀንሱ፤ ሲበዛ ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል። ቡና? አቦል፣ ቶና፣ በረካው በተለመደው ሲኒ ከሆነ ጭቅጭቅ አያስፈልገውም፤ በቀን ሙሉ ደጋግሞ መጠጣት ግን ይቀንስ።

5. ቫይታሚን ዲ

ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይወሰድም። እስከ 70 ዓመት በቀን 600፣ ከዚያ በኋላ 800 ዩኒት ያስፈልጋል። ምግብ ውስጥ ጥቂት ስለሆነ ዋናው ምንጭ ፀሐይ ነው።

የማለዳ ፀሐይ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ነው ቆዳ ቫይታሚኑን በደንብ የሚሠራው። ይህም በእኛ አገር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ክንድና እግር ገልጦ ጥቂት ደቂቃ፣ በሳምንት ደጋግሞ። እስኪያቃጥል አይቀመጡ። ከመስታወት ጀርባ መሞቅ አይቆጠርም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ላላችሁ፣ በክረምት (በብርዱ ወራት) ፀሐይ ብትወጣም ቆዳ ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም ማለት ይቻላል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በዐረብ አገር ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶችም ፀሐዩ ደጅ እያለ ያጥራቸዋል። በእነዚህ ሁኔታዎች ክኒኑ ተገቢ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለ 50,000 ዩኒቱ እንክብል በሐኪም ትዕዛዝ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ የሚወሰድ ነው። በየቀኑ የሚውጡት ሰዎች ያጋጥሙኛል። ደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ኩላሊት ይጎዳል።

6. የካልሲየም ክኒን፣ ካስፈለገ

ከምግብ የጎደለውን ብቻ ይሙሉ። 1,200 የሚያስፈልግዎ ከሆነና 700 ከበሉ 500 ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም አይለፉ፤ አንጀት ከዚያ በላይ በአንዴ አይቀበልም። ካርቦኔት የሚለው ዓይነት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ ምክንያቱም የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። ሲትሬት የሚለው በባዶ ሆድም ይሆናል፤ ኦሜፕራዞል ለሚወስድ ሰው የተሻለው እሱ ነው። የታይሮይድ ክኒን ከወሰዱ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ይኑር። የኩላሊት ጠጠር ከነበረብዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

«ከአሜሪካ የመጣ ይሻላል?» ይሉኛል። ጀርባው ላይ ያለውን ያንብቡ፦ ዓይነቱ፣ መጠኑና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑ ይበቃል።

7. በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ክኒን

በብዛት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም ነው። እዚህ ላይ አወሳሰዱ ከመድኃኒቱ እኩል ዋጋ አለው። በትክክል ተወስዶም ወደ ደም የሚገባው ከ100 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በምግብ ወይም በቡና ከተወሰደ ምንም አልተወሰደም ማለት ይቻላል።

1. ጠዋት እንደተነሱ፣ በባዶ ሆድ።
2. በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ ይዋጡ። አምቦ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድኑ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ አይሆንም። ጸበል የሚጠጡም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያድርጉት።
3. አያላምጡ፣ አይምጠጡ።
4. ለ30 ደቂቃ ይቀመጡ ወይም ይቁሙ። አይተኙ። ክኒኑ የምግብ ቧንቧ ላይ ከቀረ ያቆስላል።
5. ከ30 ደቂቃ በኋላ ቁርስ። ካልሲየሙን ወደ ምሳ ያዙሩት።

ቀኑን ሲመርጡ ያስቡበት። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሑድ ደግሞ የሚቆርቡ ከሆነ ውሃም አይቀመስም። ማክሰኞ ብዙ ሰው ይመቸዋል። ለረጅሙ ጾም የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያነጋግሩ። በረመዳን ለሱሁር ሲነሱ መጀመሪያ ክኒኑ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምግቡ፤ ማታ ዘግይተው ከበሉ ግን ሆድዎ ባዶ አይደለም።

ከረሱ፣ ባስታወሱ በማግሥቱ ጠዋት አንዱን ይውሰዱና ወደ ቀንዎ ይመለሱ። በአንድ ቀን ሁለት አይውሰዱ።

ያቁሙና ሐኪም ያግኙ፦ ሲውጡ ካመመዎት፣ አዲስ የልብ ቃጠሎ ከጀመረ፣ ወይም ጭንዎን በጥልቀት ካመመዎት። ቀጥ ብሎ 30 ደቂቃ መቀመጥ ለማይችል ሰው ይህ ክኒን አይሰጥም። ኩላሊትዎ ደካማ ከሆነም ይናገሩ። የሚነቀል ጥርስ ካለ ደግሞ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይነቀል፤ ጥቂት ሰዎች ላይ የመንጋጋ አጥንት ቁስል አይድንም።

ክኒኑ ለማይስማማቸው ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ አለ። ዴኖሱማብ ደግሞ በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ስለ ሁለተኛው አንድ ነገር ላስምርበት። መርፌው ከዘገየ ወይም ከቆመ አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ በአንዴ ብዙ የአከርካሪ ስብራት ሊመጣም ይችላል። ውጭ አገር ጀምረው አገር ቤት ለመክረም የሚመጡ እናቶች አሉ። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀጣዩ መርፌ የትና መቼ እንደሚወጋ ይወስኑ፣ ካልሆነም ሐኪሙ ምትክ ያዘጋጅ።

8. አጥንቱን ያሠሩት

አጥንት ሸክም ሲሰማው ይጠነክራል። የእግር ጉዞ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ጡንቻና ሚዛን ካልተጨመረበት መውደቅን አይከላከልም። ጉዞውን ሳይጨምር ሁሉም ከ20 ደቂቃ አያልፍም፦

1. መነሳትና መቀመጥ። ከወንበሩ በእጅ ሳይደገፉ ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። 8 ጊዜ። ካቃተዎት በእጅ ጀምረው ይቀንሱ።
2. ተረከዝ ማንሳት። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው በጣቶችዎ ይቁሙ። 10 ጊዜ።
3. በአንድ እግር መቆም። እየያዙ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ ሌላው እግር። ሲለምዱ በአንድ ጣት ብቻ ይያዙ።
4. ግድግዳ መግፋት። በክንድ ርቀት ቆመው እጅዎን ግድግዳው ላይ ያድርጉ፣ ደረትዎን አስጠግተው ይመልሱ። 8 ጊዜ።
5. ሃይላንድ ማንሳት። ተቀምጠው፣ ክርንዎን አጥፈው ይዘርጉ። 10 ጊዜ። ሲቀልዎት ውሃውን በአሸዋ ይተኩ።
6. ትከሻ ወደ ኋላ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ያቀራርቡ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ። 10 ጊዜ። ጉብጠትን የሚከላከለው ይህ ነው፣ ሰዎች ግን የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ሚዛኑን በየቀኑ፣ የጡንቻውን በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን። ለሚዛኑ ሁልጊዜ የሚይዙት ነገር አጠገብ ይኑር።

ማስጠንቀቂያ፦ ሆድ ለማጥፋት ተብሎ የሚሠራው ተኝቶ መነሳት፣ የእግር ጣትን ጎንበስ ብሎ መንካት፣ ወገብን በኃይል መጠምዘዝ ይቅርብዎ።

9. ጎንበስ የሚሉባቸውን ሥራዎች ይቀይሩ

ጀርባ ሲታጠፍ ክብደቱ ሁሉ የአከርካሪው ፊት ላይ ያርፋል፤ የሳሳው አከርካሪ የሚደፈጠጠው እዚያ ላይ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በ5 ሊትር ይከፋፍሉት፣ ከደረትዎ አስጠግተው ይያዙት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋው በርጩማ ላይ ይውጣ። ምጣዱ ቆመው በሚጋግሩበት ከፍታ ይቀመጥ። ከመሬት ሲያነሱ ከዳሌና ከጉልበት ይታጠፉ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። ሳልና ማስነጠስ ሲመጣ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ።

ስግደት ብዙ ይጠየቃል። አከርካሪዎ ተሰብሮ የሚያውቅ ከሆነ ደጋግሞ ወድቆ መነሳቱ፣ በተለይ የሰሙነ ሕማማቱ፣ ያሰጋዎታል። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ራስን ዝቅ ስለማድረግ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ የሐኪሙን ወረቀት ማሳየት ነገሩን ያቀልለዋል። ሶላትም ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰገዳል።

10. ቤቱን ያስተካክሉ

በሌሊት ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ራስዎ በዝግታ ይሂዱበትና የሚያደናቅፈውን ያንሱ።

- ጠርዙ የተነሳ ምንጣፍና የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ይነሳ።
- መብራት ሲጠፋ በጨለማ አይነሱ፤ ባትሪው ለዚህ ነው።
- ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ ማታ ፖፖ ይጠቀሙ። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ይተከል፣ የፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም።
- ነጠላ ጫማ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ አደገኛ ነው።
- መሬት የሚነካ ቀሚስ ይጠር።
- ለበዓል ቄጤማ መጎዝጎዙ የማይቀር ከሆነ እናት የምታልፍበት መስመር ይተው። ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል።

ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲነሳ ያዞረዋል። ዓይንዎን ይታዩ፤ ሞራ ካለ ደረጃው አይታይም።

11. ከወደቁ

ወዲያው አይነሱ፣ ሰውም ጎትቶ አያንሳዎ። መቆም ካቃተዎት፣ ብሽሽትዎን ካመመዎት፣ አንዱ እግር ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌ ሊሆን ይችላል። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ሆስፒታል። ከወደቁ በኋላ መራመድ ቢችሉም ሕመሙ ካልለቀቀ ራጅ ይነሱ።

ወጌሻ ጋ አይሂዱ። የሳሳ አጥንት ሲታሽና ሲሳብ ስንጥቁ ይሰፋል። በጣም ጠብቆ የታሰረ እግር ወይም እጅ ደም ሳያገኝ ቀርቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ድንገተኛ የወገብ ሕመም ሲመጣም ጀርባ ላይ አያስረግጡ።

ስብራቱ ከተጠገነ በኋላ «አጥንቱን የሚያጠነክር መድኃኒትስ?» ብለው ይጠይቁ። ቀዶ ጥገናው የተሰበረውን ይጠግናል፤ ቀሪው አጥንት ግን እንደሳሳ ነው።

ብዙ የሚሠሩ ስህተቶች

- ለ2 ወር ወስዶ «ለውጥ አላየሁም» ብሎ ማቆም። ለውጡ አይሰማም። አሌንድሮኔት ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመት ገደማ ይወሰዳል፣ ከዚያ ማቆሙን ሐኪሙ ይመዝናል።
- የጎረቤትን ክኒን መዋስ። የእሷ ኩላሊትና የእርስዎ አንድ አይደሉም።
- መውደቅ ፈርቶ መተኛት። አልጋ ላይ የሚውል ሰው አጥንቱም ጡንቻውም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።
- «የሴቶች በሽታ ነው» ብሎ አባትን መተው። ወንዶችም ይይዛቸዋል፤ ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ፣ የሚያጨስ ወይም አልኮል የሚያበዛ ወንድ መመርመር አለበት።
- ካልሲየሙንና የሳምንቱን ክኒን አብሮ መዋጥ። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ይደረጋል፤ ካልሲየሙ አሌንድሮኔቱን ከንቱ ያደርገዋል።